የፍርሀት ትዝታ ሰዓት እንዳለው ስለ ማስረዳት

ሰው ከሚያስታውሰው ነገር ሁሉ ሳይደበዝዝ ብዙ ዘመን የሚኖረው ልቡን ያስደነገጠው ወይም ያስደሰተው ነገር ነው። ትናንት በምሳ ጊዜ ምን እንደ በላ የማያስታውስ ሰው፥ በልጅነቱ ውሻ የነከሰበትን ስፍራ፥ የውሻውንም መልክና ጩኸት ከሸመገለ በኋላ እንኳ ሳያዛንፍ ይናገራል። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ይህን ጠባይ ተመልክተው ነው። አንድ ጊዜ የደነገጠ ልብ የሚያስፈራውን ነገር ብቻ ሳይሆን እርሱን የሚመስለውን ሁሉ ይጠረጥራልና።

ፍርሀት በመጠኑ ሲሆን የሕይወት ጠባቂ ነው፤ ሕፃኑን ከእሳት፥ መንገደኛውን ከገደል ያርቃል። ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ግን እንቅልፍ ይነሣል፥ ሥራ ያስፈታል፥ በመጨረሻውም ሐኪም የሚያሻው ደዌ ይሆናል። ስለዚህ ፍርሀት በአእምሮ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ፥ እንዴትስ እንደሚለቅ ማወቅ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ልጅ ለሚያሳድግ ቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም ነው። በዛሬው ገጻችን የምናቀርበው የዚህን ነገር አንድ ክፍል ነው፤ ይኸውም የቀኑና የሌሊቱ ሰዓት በፍርሀት ትዝታ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ሊቃውንት በእንስሳት መርምረው ያገኙት ነው። በጽሕፈቱ ውስጥ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

አይጥ «ፈርቻለሁ» ብላ አትናገርምና፥ ሊቃውንት ፍርሀቷን የሚለኩበትን ዘዴ አስቀድመን መግለጽ ይገባናል። አንዲቱን አይጥ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ያስገቧታል። ጥቂት ቈይቶ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁም ሲያበቃ ከሣጥኑ ወለል ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት እግሯን ይነካታል። ይህ ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ አይጢቱ ያን ድምፅ ስትሰማ፥ ወይም ወደዚያው ሣጥን ስትመለስ፥ ንዝረቱ ሳይኖር እንኳ ከትንፋሿ በቀር ምንም ሳትንቀሳቀስ ደርቃ ትቀራለች። ይህ መድረቅ በዱር ሳለች ከጭልፊትና ከድመት ዐይን የምትሰወርበት የተፈጥሮ ዘዴዋ ነው። እንግዲህ መርማሪው ሰዓት ይዞ ስንት ሰኮንድ ያህል ደርቃ እንደ ቈየች ይቈጥራል። ለብዙ ጊዜ የደረቀች እንደ ሆነ ትዝታዋ ብርቱ ነው፤ ወዲያና ወዲህ የተመላለሰች እንደ ሆነ ደካማ ነው ተብሎ ይጻፋል።

ሊቃውንትን ወደዚህ ምርመራ ከመሩአቸው ነገሮች አንዱ በ1957 ሌዎን ካሚን የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ያሳተመው ሥራ ነው። እርሱም ትልልቅ አይጦች ምልክት ሲሰጣቸው ከሣጥኑ አንደኛው ወገን ወደ ሁለተኛው እየተሻገሩ ከንዝረት እንዲያመልጡ ያስተምራቸው ነበር። ትምህርቱን ሳይፈጽሙ በመካከሉ አቆመና አንዳንዶቹን ወዲያውኑ፥ አንዳንዶቹን ከግማሽ ሰዓት፥ ከ1 ሰዓት፥ ከ6 ሰዓት ወይም ከ24 ሰዓት በኋላ፥ የቀሩትንም ከ19 ቀን በኋላ ፈተናቸው። ወዲያው የተፈተኑት መልካም አደረጉ፤ ከ1 ሰዓት በኋላ የተፈተኑት ከሁሉ አነሱ፤ በማግሥቱ የተፈተኑት ግን እንደ ገና በረቱ። ሰው ሁሉ ትዝታ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ይሄዳል ብሎ ያስባል፤ በዚህ ግን የቀነሰው ተመልሶ ጨመረ። ትዝታው ፈጽሞ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ከወዴት ይመጣ ነበር? ከዚህ የምንረዳው፥ አለማሳየትና አለማወቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ነገሩ በ1973 ይበልጥ ተገለጠ። ሆሎዌይና ዋንስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መርማሪዎች አይጦች ንዝረት ያገኛቸውን ስፍራ እንዲሸሹ በአንድ ጊዜ ትምህርት አስተማሩአቸው፤ ከዚያም በየ6 ሰዓቱ ልዩነት ፈተኗቸው። ከ12 ሰዓት፥ ከ24 ሰዓትና ከ36 ሰዓት በኋላ የተፈተኑት ስፍራውን በሚገባ ሸሹት። ከ6 ሰዓት፥ ከ18 ሰዓትና ከ30 ሰዓት በኋላ የተፈተኑት ግን እንዳልተማሩ ሆኑ። ትዝታው እንደ ባሕር ሞገድ ከፍና ዝቅ ይል ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ በልክ የሚመላለስ ነገር ደግሞ ያለ ሰዓት አይሆንም፤ እንግዲህ ያ ሰዓት በእንስሳው ሥጋ ውስጥ ከወዴት ይገኛል? የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ሰዓቱ የሚገኝበት ስፍራ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1972 ታውቆ ነበር። በአሜሪካ ሁለት የመርማሪዎች ቡድን እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ሲመረምሩ፥ ከሁለቱ ዐይኖች የሚመጡት ጅማቶች ከሚተላለፉበት ስፍራ በላይ በአንጎል ሥር ያለች አንዲት እጅግ ትንሽ ክፍል ስትበላሽ፥ እንስሳው የመንቂያና የማረፊያ ሰዓቱን እንደሚያጣ አገኙ። የዚህች ክፍል ስም ሱፕራኪያዝማቲክ ኒውክሊየስ ይባላል። በአይጥ አንጎል ውስጥ ያሏት ሕዋሳት 20,000 ያህል ናቸው፤ ነገር ግን እንቅልፍን፥ የሥጋን ሙቀትና የደምን ቅመም በየሰዓቱ የምታዝዝ እርሷ ናት። በ1978 ስቴፋንና ኮቫቼቪች ይህችን ክፍል በአይጦች አንጎል ውስጥ አበላሽተው የፍርሀትን ትምህርት ቢያስተምሩአቸው፥ ያ ከፍና ዝቅ የሚል ሞገድ ጠፋ። በዚህም ትዝታው የሚገለጥበትንና የሚሰወርበትን ጊዜ ይህችው ሰዓት እንደምትወስን ታወቀ። ሕዋሳት ጊዜን የሚቈጥሩበትን የውስጥ አሠራር በፍሬ ዝንብ ላይ የገለጡት ጄፍሪ ሆል፥ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግም በ2017 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

በዚህ ስፍራ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ። እኛ ሰዓታችንን የምንቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ባዕዳን ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ። የእነዚሁ ባዕዳን መርማሪዎች ግን በእንስሳት ማኖሪያ ውስጥ ሲሆኑ የአገራቸውን አቈጣጠር ይተዉና፥ መብራት የበራበትን ጊዜ ዜሮ ብለው ከዚያ ይቈጥራሉ። ስለዚህ መብራት ከበራ በኋላ ሦስተኛው ሰዓት ለእነርሱ 3 ነው፤ ለእኛም ከጧቱ 3 ሰዓት የምንለው ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የምንለውንም እነርሱ 15 ይሉታል። ሥጋ የሚያውቀው የብርሃንን መምጣትና መሄድ እንጂ የግድግዳ ሰዓት ቍጥርን አይደለምና።

በዚሁ አቈጣጠር በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ መርማሪዎች ቻውዱሪና ኮልዌል በ2002 ያሳተሙት ሥራ እጅግ የታወቀ ነው። ትንንሽ አይጦችን እኵሌቶቹን በብርሃን፥ እኵሌቶቹን በጨለማ ጊዜ ፍርሀት አስተማሩአቸው። በብርሃን ጊዜ የተማሩት በጨለማ ጊዜ ከተማሩት ፈጥነው ያዙ። ቀጥሎም ለብዙ ቀን በልዩ ልዩ ሰዓት ቢፈትኗቸው፥ ትዝታው በቀን ከፍ በሌሊት ዝቅ ሲል ተገኘ። ይህ የመብራቱ ሥራ እንዳይሆን ብለው አይጦቹን ዘወትር በጨለማ ቢያኖሯቸውም ሞገዱ አልቀረም። ስለዚህ ሰዓቱ በእንስሳው ውስጥ እንጂ በመብራቱ ውስጥ አልነበረም።

አስተዋይ አንባቢ በዚህ ጊዜ «አይጥ በሌሊት የምትነቃ፥ በቀን የምትተኛ አውሬ አይደለችምን? ስለ ምን በማረፊያዋ ሰዓት ፍርሀትን አብልጣ ታስታውሳለች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የተገባ ነው። ምናልባት በቀን ከጕድጓዷ ውጭ የተገኘች አይጥ ከሁሉ የባሰ አደጋ ላይ ስለ ሆነች ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ይህ ግን ግምት ነው። እርግጡ ነገር፥ ለመማር የሚስማማው ሰዓት እንደ ፍጥረቱና እንደ ትምህርቱ ዓይነት መለያየቱ ነው። አፕሊሲያ የተባለችው የባሕር ቀንድ አውጣ ዘመድ፥ ከወገኖቿ መካከል በቀን የምትነቃው የካሊፎርኒያዪቱ፥ ከድንጋጤ የሚመጣውን ለብዙ ጊዜ የሚኖር ጥንቃቄ በቀን ስትይዝ በሌሊት እንደማትይዝ በ2003 ታትሟል። በረሮ ደግሞ ሽታን ከጣዕም ጋር አዛምዳ እንድታውቅ ብትማር፥ በማታ የተማረችውን ስትይዝ በጧት የተማረችውን አትይዝም፤ ይህ በ2007 የታተመ ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ በማታ ከያዘች በኋላ በየትኛውም ሰዓት ብትጠየቅ ታስታውሳለች።

እንግዲህ ትዝታ ሁለት በር ያለው ጎተራ ይመስላል፤ አንዱ እህሉ የሚገባበት፥ ሁለተኛው የሚወጣበት ነው። በአንዳንዱ ፍጥረት ሰዓቱ የሚጠብቀው መግቢያውን ነው፤ በሌላው መውጫውን ነው፤ እንደ አይጥ ባለውም ሁለቱን ነው። ከዚህም በላይ ሰዓቱ ራሱ ከትዝታው ጋር ተያይዞ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። በቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ በ2004 የታተመ አንድ ምርመራ፥ ሐምስተር የተባሉት አይጥ መሰል እንስሳት ክፉ ነገር ያገኛቸውን ስፍራ ይበልጥ የሚሸሹት ያ ክፉ ነገር ባገኛቸው ሰዓት መሆኑን አሳይቷል። ለእነርሱ ስፍራው በዚያ ሰዓት የሚያስፈራ፥ በሌላው ሰዓት ግን እንደ ማንኛውም ስፍራ ነበረ። ሐምስተሩ «እዚህ» ብሎ ብቻ ሳይሆን «እዚህ፥ በዚህ ጊዜ» ብሎ መዝግቦታል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚሆን በጥቂቱ ታውቋል። ፍርሀትን ከምልክቱ ጋር የምታያይዘው አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ቅርጽ ያላት ክፍል ናት፤ ስፍራውንና ሁኔታውን የሚመዘግበው ደግሞ ሂፖካምፐስ የሚባለው ነው። በዋሺንግተን ዩኒቨርስቲ የሚሠሩ መርማሪዎች በ2008 እንዳስታወቁት፥ ትዝታን ለማጽናት የሚያስፈልጉት ቅመሞች በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ በየቀኑ በልክ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ይህ መመላለስ የተከለከለ እንደ ሆነ የፍርሀት ትዝታ ለብዙ ቀን መጽናት ያቅተዋል። ይህም ማለት ትዝታ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚቀር ጽሕፈት ሳይሆን በየቀኑ የሚታደስ ነው። ሌላም አለ። በድንጋጤ ጊዜ ከኵላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች ወደ ደም የሚፈሰው ሆርሞን ትዝታን ያበረታል፤ ይኸው ሆርሞን ድንጋጤ ሳይኖር እንኳ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል። በሰው ላይ በጧት፥ በአይጥ ላይ ግን በምሽት ከፍ ይላል፤ ሁለቱም ለሥራ የሚነሡበት ሰዓት ነውና።

ሰዓቱ ሲዛባ ምን እንደሚሆንም ተመርምሯል። በ2010 በታተመ ሥራ መርማሪዎች የአይጦቹን መብራት በድንገት ከልማዱ አስቀድመው ቢያበሩ፥ ያስተማሩአቸው ፍርሀት ትዝታ ተናጋ። በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲም መብራትን ባልተለመደ ሰዓት በማብራት የሐምስተሮችን የውስጥ ሰዓት ፈጽመው አዛቡት፤ እንስሳቱም ቀድሞ ያዩትን ዕቃ ከአዲሱ መለየት ተሳናቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀው በ2014 የታተመው ነው። የተዛባችውን የሰዓት ክፍል ከእነዚያው ሐምስተሮች አንጎል ቢያስወግዱት ትዝታቸው ተመለሰ። ትዝታን የሚጎዳው የሰዓት አለመኖር ሳይሆን የሰዓት መዛባት ሆኖ ተገኘ። በቤት ውስጥ እንኳ የቆመ ሰዓት ማንንም አያታልልም፤ የሚሳሳት ሰዓት ግን ባለቤቱን ከቀጠሮው ያስቀረዋል።

እስካሁን የተናገርነው ፍርሀት ስለሚገባበት ነው። ለሕሙማን ግን የሚበልጠው ጥያቄ ስለሚለቅበት ነው። አይጢቱ ድምፁን ደጋግማ ብትሰማና ንዝረቱ ባይመጣ ቀስ በቀስ መድረቋን ትተዋለች። ይሁን እንጂ የቀድሞው ትዝታ አልተፋቀም፤ «አሁን አያስፈራም» የሚል አዲስ ትምህርት በላዩ ተጨመረበት እንጂ። በ2018 በታተመ የአይጦች ምርመራ ይህ የመጽናናት ትምህርት በሚነቁበት ሰዓት የተሰጠ እንደ ሆነ አብልጦ እንደሚጸና ታይቷል። በሰውም ላይ በ2013 በጤነኞች ወንዶች የተደረገው ምርመራ፥ እንዲህ ያለው ትምህርት በጧት ሲሆን በምሽት ከሚሰጠው የተሻለ ፍሬ እንዳሳየ ይናገራል። በ2016 ደግሞ በአደባባይና በሕዝብ መካከል ድንገተኛ ፍርሀት የሚይዛቸው 24 ሕሙማን የሚፈሩትን ነገር በሐኪም እየተረዱ ሲጋፈጡ፥ ቀደም ባለው የቀን ሰዓት ያደረጉት ይበልጥ እንደ ተሻላቸው ታትሟል፤ በዚያ ሰዓት ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞናቸው ከፍ ያለ ነበረና። የሕሙማኑ ቍጥር ጥቂት ስለ ሆነ ይህ ተስፋ እንጂ የተፈጸመ ሕግ አይደለም።

በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ላይ እንደዚያው ይሆናል ብሎ መቸኰል አይገባም። አይጥ የሌሊት፥ ሰው የቀን ፍጥረት ነው፤ ሰዓቱን ገልብጦ ብቻ የአይጥን ነገር ለሰው ማልበስም አይቻልም። ሆኖም ከዚህ ሁሉ ምርመራ አንድ ትምህርት ጸንቶ ይቀራል፤ ይኸውም የሚያስታውሰው ፍጥረት በሁሉም ሰዓት አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ሦስት ነገር ብናሳስብ ከመጠን ያለፍን አይመስለንም።

መጀመሪያ፥ ልጅ ወይም የቤት አገልጋይ የተማረውን በአንድ ሰዓት ተጠይቆ ቢያጣው፥ ደንቆሮ ነው ወይም ቸል ብሏል ብሎ ወዲያው መፍረድ አይገባም። የካሚን አይጦች ከአንድ ሰዓት በኋላ ያጡትን በማግሥቱ አግኝተውታል። ደጋግሞ በሌላ ሰዓት መጠየቅ ዋጋ አያስከፍልም፤ ቸኩሎ መቅጣት ግን ራሱ ሌላ የፍርሀት ትዝታ ይተክላል።

ሁለተኛ፥ በብዙ ቤት ሕፃን እንዲተኛ «ጅቡ መጣልህ» እያሉ ማስፈራራት የተለመደ ነው። ፍርሀት ከስፍራው፥ ከድምፁና በአንዳንድ ፍጥረት ከሰዓቱም ጋር እንደሚጣበቅ ካወቅን፥ ይህን ልማድ ብንመረምረው መልካም ነው። የመኝታ ሰዓት በየማታው ይመለሳልና፥ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ፍርሀትም በየማታው የሚመለስበት መንገድ ያገኛል። ሕፃኑ አስቀድሞ የፈራው ነገር ካለም፥ ጨለማው ከመጣ በኋላ ከመሟገት ይልቅ በነቃበትና ልቡ በረጋበት የቀን ሰዓት በለሰለሰ ቃል ማስረዳት ይሻላል።

ሦስተኛ፥ የመኝታና የመነሻ ሰዓት በየቀኑ እንዳይለዋወጥ መጠበቅ ነው። ዛሬ የኤሌክትሪክ መብራት ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል፤ በየክፍሉም የሚያበሩ መሣሪያዎች ሕፃናትን እስከ እኩለ ሌሊት ያስመሻሉ። የአንጎል ሰዓት ከብርሃን በቀር ሌላ ብርቱ አስተማሪ የላትም፤ ብርሃኑ ያለ ጊዜው የመጣ እንደ ሆነ እርሷም ትሳሳታለች። ማታ መብራቱን ዝቅ አድርጎ፥ ጧት መስኮቱን ለፀሐይ ከፍቶ ሕፃኑን በሰዓቱ ማስተኛትና ማስነሣት ገንዘብ የማይጠይቅ፥ ማንም ቤተ ሰብ ዛሬ ማታ ሊጀምረው የሚችል ጥበቃ ነው።